«አልችልም» ማለት ከፍቅር መጉደል ነው? ስለ አዳር፣ ስለ ጸሎትና ስለ ዛለ ነርስ

የአዳር ተረኛ

በውስጥ ደዌ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ለዘጠኝ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ወደ ሙያው የገባሁት «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን ቃል ለእኔ እንደተነገረ አድርጌ በመቀበሌ ነው። ስለዚህ ሰው ሲጎድል ተጨማሪ ተረኛ የምሆነው፣ የባልደረባዬን አዳር የምሸፍነው፣ በዕረፍት ቀኔ ተጠርቼ የምገባው እኔ ነበርኩ። የክፍላችን ኃላፊ «አንቺማ እምነት አለሽ፣ እምቢ አትይም» ሲሉኝ እንደ ምስጋና እቆጥረው ነበር። አሁን ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝን ልንገራችሁ። በተከታታይ አራተኛ አዳሬ ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ስኳራቸው ከፍ ላለ አንድ አዛውንት ኢንሱሊን ላዘጋጅ ቻርታቸውን ገለጥኩ። ትእዛዙ በእጅ የተጻፈ ነበር፤ «ዩኒት» (የኢንሱሊን መለኪያ) ለማለት የገባችው የእንግሊዝኛ ፊደል U ከላይ ተገጣጥማ ከአራት ቁጥር ጋር ስለተጣበቀች 40 ሆና ታየችኝ። ሳልጠራጠር እስከ 40 ሳብኩ። ደህና ተኝቼ ብሆን ኖሮ የያዘው እጄ ራሱ በነገረኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ መጠን ለእኚህ ሰው እንደማይታዘዝ አውቃለሁና። ኢንሱሊን ሁለት ሰው ሳያየው አይሰጥምና ባልደረባዬ መርፌውን ተቀብላ ወደ መብራቱ አነሣችው፤ ቻርቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። «አራት ነው» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። አዛውንቱ አንድ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ውጭ ሆኖ እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

ሪፖርቱን ጽፌያለሁ፤ የተቆጣኝ ሰውም የለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስንበረከክ ቃል አይወጣኝም። እሑድ ከአዳር ወጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በስብከቱ መካከል አንቀላፋለሁ፤ ቤቴ ብተኛ ደግሞ ሕሊናዬ አያስተኛኝም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ባለፈው አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ሐዘን ሳይሆን «ወረቀቱን አሁን ማን ይሞላዋል?» የሚል ሐሳብ መሆኑ ነው። ሙያዬን አገልግሎት ነው ብዬ ከያዝኩ፣ ተጨማሪ ተረኛ ሁኚ ስባል «አልችልም» ማለት ከፍቅር መጉደል ነው ወይ?

ጡረታ የወጣች ነርስ

እህቴ፣ በዕድሜ የምበልጥሽ ስለሚመስለኝ «አንቺ» ብል አትቀየሚኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በማትሮንነት (በነርሶች ኃላፊነት) አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔም የተሳሳትኩበት ሌሊት አለ፤ በዚያን ጊዜ ግን መርፌውን ወደ መብራት የሚያነሣ ሁለተኛ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ከዚህ በላይ አልተርከውም።

እኛ አማኝ ነርሶች ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንሰማ ልባችን የሚቀረው ዘይቱና ወይኑ ላይ፣ ቁስሉን ማሠሩና በራሱ አህያ ላይ መጫኑ ላይ ነው። እስቲ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን እንደ ነርስ ሆነሽ አንብቢው። ሰውየው ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ አገባው፤ ሌሊቱንም ጠበቀው። በማግሥቱ ግን ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማደሪያው ባለቤት ሰጠ፤ ጠብቀው፣ ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ይህ እኮ ርክክብ ነው! ለማን እንዳስረከበ ይታወቃል፣ ምን መደረግ እንዳለበት ተናግሯል፣ ወጪውን ሸፍኗል፣ ተመልሶ እንደሚጠይቅም አስታውቋል። ቁስለኛው እስኪድን ድረስ አልጋው አጠገብ አልተቀመጠም፤ ጌታም በዚህ አልነቀፈውም፤ እንዲያውም «ሂድ፣ አንተም እንዲሁ አድርግ» ብሎ ምሳሌ አደረገው። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ታሪኩ ማደሪያው በር ላይ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ የማላፍርበት ይመስል አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ማትሮን ሳለሁ ሰው ሲጎድል ስልክ የምደውለው እኔ ነበርኩ፤ የምጀምረውም ብዙ ዕረፍት ካገኙት ሳይሆን እምቢ ከማይሉት ነበር። ጊዜ የለኝም፤ አልጋው ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ ጣቴ ወደለመደው ስም ይሄዳል። የእምነታቸውን ነገርም እንደ አንቺ ኃላፊ አንሥቼ አውቃለሁ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ግን ቀሎኝ ነበር። ከእነዚያ እምቢ ከማይሉት ልጆች መካከል ሙያውን ጨርሶ የተወች አለች።

የድንገተኛ ክፍል

እናታችን የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሆኖም ሳምራዊው ዕድለኛ ነበር፤ የሚረከበው ሰው አግኝቷል። የእኛ መከራ የሚጀምረው የማደሪያው ባለቤት ሳይመጣ ሲቀር ነው። የሚተካኝ ሰው ሳይደርስ፣ አንዱ ሕመምተኛ ኦክስጅን ላይ፣ ሌላው በደም ሥር መድኃኒት ላይ እያለ ጋውኔን ሰቅዬ ልሂድ? አልሄድም፤ መሄድም አይገባኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች ባይቀላቀሉ መልካም ነው። የጀመሩትን ተረኛ ሳያስረክቡ መተው ሕመምተኛን መጣል ነው፤ በየትኛውም የሙያ ሥነ ምግባር ያስጠይቃል። ገና ያልጀመሩትን፣ በፕሮግራም ያልተመደቡበትን ተጨማሪ ሌሊት «ለሥራ ብቁ አይደለሁም» ብሎ አለመቀበል ግን ሕመምተኛውን መጠበቅ ነው። እህታችን እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም «እምቢታ» ብለው ስለጠሩአቸው ነው ሕሊናቸው የሚወቅሳቸው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 መጀመሪያ ያጸደቀውና በ2021 ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብም የነርሷን የራሷን ጤናና ደኅንነት ከኃላፊነቷ ጋር አያይዞ ያነሣዋል።

«እምነት አለሽ፣ እምቢ አትይም» የሚለው አነጋገር ደግሞ እኔን ያስቆጣኛል። የሠራተኛ እጥረት የበጀትና የቅጥር ጉዳይ ነው፤ በአንዲት ሴት ጉልበት፣ ለዚያውም ለጸሎት በሚንበረከከው ጉልበት፣ ሊሞላ አይገባም። አንድሪው ጄምተን የተባለ የሥነ ምግባር ምሁር በ1984 ስም ያወጣለት ነገር አለ፤ ትክክለኛው ነገር ምን እንደሆነ እያወቅን፣ የምንሠራበት ቦታ ግን እንዳናደርገው ሲያግደን የሚሰማንን ሥቃይ «የሞራል ጭንቀት» (moral distress) ብሎታል። እኔ ይህን ስም እስካገኝ ድረስ የእምነት ድካም ነው እያልኩ ለዓመታት ንስሐ ስገባበት ኖሬያለሁ።

የመጽሐፍ መምህር

ነርስ አይደለሁም፤ ባለቤቴ ናት። በጉባኤ ከማስተምረው ይልቅ እሷ ከአዳር ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ስትመለከት ከማየው የተማርኩት ይበዛል።

«ስንበረከክ ቃል አይወጣኝም» ስላሉት አንድ ነገር ልበል። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ላይ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መሞትን ሲለምን፣ መልአኩ «እምነትህ ወዴት ነው?» ብሎ አልወቀሰውም። ዳስሶ ቀሰቀሰውና አበላው፤ ኤልያስም ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ እንደገና አበላው፤ ምክንያቱንም ሲነግረው መንገዱ ሩቅ ነውና ብሎ ነው። እግዚአብሔር በኮሬብ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለደከመ ሰው እንቅልፉና ምግቡ ይቀድማሉ፤ ጥያቄው ይደርሳል። ስለዚህ እሑድ ከአዳር ወጥተው ቢተኙ፣ የሚተኙት ከእግዚአብሔር ሸሽተው ነው ብዬ አላምንም። ጉባኤዎ በሳምንቱ መካከል የሚሰበሰብበት ሌላ ቀን ካለ ያንን የራስዎ እሑድ ያድርጉት፤ ሰንበት ስለ ሰው እንደተፈጠረ የነገረን ራሱ የሰንበት ጌታ ነው።

ስለ ጾምም ብዙዎች ይጠይቁኛል። ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ቆሞ መድኃኒት ለሚለካ ሰው የሚስማማውን ልክ ከንስሐ አባቱ ወይም ከመጋቢው ጋር ተነጋግሮ መወሰን እንጂ፣ በራስ ላይ ፈርዶ ራስ ዞሮ እስኪወድቁ መቆየት ጀግንነት አይደለም።

መብራት ያዥ

ሁላችሁም ወደ ዕረፍት አደላችሁ፤ እኔ በሌላው ወገን ልቁም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ ደቀ መዛሙርቱን «ኑና ጥቂት ዕረፉ» ማለቱ ይጠቀሳል፤ ትንሽ ወረድ ብላችሁ ብታነቡ ግን ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀድሟቸው እንደደረሰ፣ እርሱም እንዳዘነላቸው ታገኛላችሁ። የታሰበው ዕረፍት አልሆነም። የእኛ ሙያ ባዶ አልጋ ሳይሆን የሚቃትት ሰው ነው የሚጠብቀው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት መብራት ይዛ በሌሊት በቁስለኞች መካከል ስትመላለስ ሰዓቷን አልቆጠረችም። ዛሬ ሁሉም «ራሴን ልጠብቅ» ካለ፣ ያ ሕመምተኛ ማንን ይጠብቅ?

ጡረታ የወጣች ነርስ

ናይቲንጌልን ካነሣህ ልጄ፣ ሙሉዋን እናንሣት። ወደ ጦርነቱ የሄደችው በ1854 ነው፤ ከዚያ በፊት በ1851 በጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በነበረው የዲያቆናዊት ሴቶች ማሠልጠኛ ተምራለች። ጥሪዋን ከእግዚአብሔር እንደሰማች የጻፈችውም ገና በ1837፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ጥሪውን በሰማች ማግሥት ያገኘችውን ሁሉ ተሸክማ አልሮጠችም። በ1856 ከጦርነቱ ስትመለስ ጤናዋ ተቃውሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛውን ሥራዋን የሠራችው ከቤቷ፣ ብዙ ጊዜም ከአልጋዋ ላይ ሆና በብዕር ነው። «መብራት የያዘችው እመቤት» ተብላ የምትታወቀው ነርስ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ዓመታትን ያሳለፈችው እንደ ሕመምተኛ መሆኑን ሥዕሉ አያሳይም።

ደግሞም በ1859 ስለ ሕሙማን አያያዝ ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ማትሮኖች ሁሉ ቢያነቡት የምወደው ክፍል አለ፤ አንቺ እያለሽ የሚደረገው ነገር አንቺ በሌለሽበትም እንዲደረግ ማደራጀት ካልቻልሽ፣ አንቺ እያለሽ ያደረግሽው ሁሉ ከንቱ ይሆናል የሚል ሐሳብ ያለው ነው። እሷም ወደ ርክክቡ ነው የመጣችው።

የመጽሐፍ መምህር

እኔም በማርቆስ 6 ላይ የተነሣውን ልጨርስ፤ ወንድማችን በትክክል አንብበዋል፣ ግን ቀድመው አቁመዋል። ሕዝቡ ከተመገበ በኋላ ጌታ ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ ገብተው እንዲሄዱ ግድ አላቸው፤ ሕዝቡን እርሱ ራሱ አሰናበተ፤ ከዚያም ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ዕረፍቱ ዘገየ እንጂ አልተሰረዘም፤ ሕዝቡንም ያሰናበተው የታመመ ሰው ስላልቀረ አይደለም። (እርግጥ ደቀ መዛሙርቱ ያን ሌሊት ከነፋስ ጋር ሲታገሉ ነው ያደሩት። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «እነሱም አዳር ገቡ በለኛ» ብላ ሳቀችብኝ።)

መብራት ያዥ

ተረታሁ አልልም። ሰው ከአቅሙ በላይ የሚሰጥበት ሌሊት እንዳለ አሁንም አምናለሁ፤ በወረርሽኝ ጊዜ የገቡትን ባልደረቦቼን አይቻለሁና። ነገር ግን ያ ሌሊት ልዩ ሆኖ መቅረት አለበት፤ በየሳምንቱ የሚመጣ ከሆነ መሥዋዕት ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ይህን ያህል እቀበላለሁ።

ዘግይቼ የታከምኩ

ለጠያቂዋ በቀጥታ ልጻፍ። «መጀመሪያ የመጣብኝ ወረቀቱ ነው» ያሉትን ሳነብ ራሴን አየሁ። እኔ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ነበርኩ፤ ቤተሰብ ሲያለቅስ ቆሜ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እመለከት ነበር። ልቤ ደነደነ፣ ፍቅር ቀዘቀዘብኝ ብዬ ተንበርክኬ ለመንኩ፤ ምንም አልተለወጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በበሽታዎች ምደባው 11ኛ እትም ላይ የሥራ ዝለትን ሲገልጽ ሦስት ነገር ይጠቅሳል፤ የኃይል መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቅ ወይም በሥራው ላይ መመረር፣ እና ውጤታማነት መቀነስ። በሽታ አይለውም፤ በሚገባ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት ይለዋል። ሁለተኛውን ነጥብ ሳነብ ያለቀስኩት ኃጢአቴ የመሰለኝ ነገር ምልክት መሆኑን በማወቄ ነው።

ግን ይጠንቀቁ። የእኔ ዝለት ብቻ አልነበረም። በዕረፍት ጊዜዬም ሳልሠራ ለሁለት ወር ያህል ምንም ነገር ደስ አላለኝም፤ መኖር ራሱ ከበደኝ። ይህ ድባቴ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ሄጄ በምክርና በመድኃኒት ታከምኩ። ለሕመምተኛዬ የደም ግፊቱን ኪኒን «በጸሎት ይበቃሃል፣ ተወው» እንደማልለው ሁሉ፣ ለራሴም ማለት አልነበረብኝም። እርስዎም ዕረፍት አግኝተው ካልተሻለዎት፣ መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብም ከመጣብዎ፣ ነገ ሳይሉ ለሚያምኑት ሰውና ለሐኪም ይንገሩ።

ስለ ኢንሱሊኑ ደግሞ፣ በ1997 በታተመ ጥናት ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች ቅልጥፍና በደማቸው 0.05 በመቶ አልኮል ካለባቸው ሰዎች ጋር ተመጣጥኖ ተገኝቷል። ሰክሬ ወደ ሥራ ልግባ ወይ ብሎ ሕሊናውን የሚጠይቅ አማኝ የለም። አራተኛ አዳር ላይ ግን እንጠይቃለን።

ጀማሪ ነርስ

ገና ዓመት ያልሞላኝ በመሆኔ ከማስተምር ይልቅ የምጠይቀው ይበዛል፤ ግን አንድ ነገር ከአንዲት ሲስተር ተምሬያለሁ። እጅን በአልኮል ለማሸት የሚመከረው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና በሳሙና ለመታጠብ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው። እሷ በየአልጋው መካከል እጇን ስታሽ «ጌታ ሆይ፣ ማረኝ» እያለች፣ ወደ ቀጣዩ አልጋ ስትደርስ የሕመምተኛውን ስም ትጨምርበታለች። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ ማንም አያውቅም። በአንድ ተረኛ ውስጥ ስንት ጊዜ እጃችንን እንደምናጸዳ ሳስበው፣ ጊዜ የለኝም የሚለው ሰበቤ ወደቀብኝ።

ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ ሕመምተኛውን «ልጸልይልዎ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል?

የድንገተኛ ክፍል

ሰውየው ራሱ ከጠየቀ፣ እምነቱም ከታወቀ፣ አጭር ጸሎት ችግር የለውም። ሳይጠይቅ ግን አይሁን። አልጋ ላይ የተኛ ሰው መርፌውን የያዘውን ሰው እምቢ ለማለት አቅም ያንሰዋል፤ እሺታው ከፍርሃት ይምጣ ከልብ አይታወቅም። በልብህ ጸልይለት፤ የራሱን አባት ወይም መጋቢ እንድትጠራለት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቀው። ስለ እጅ ማሸቱ የጻፍከው ግሩም ነው፤ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ብዙ ቀን ሰከንዱን ብቻ ነው የምቆጥረው።

የአዳር ተረኛ

ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ተመለስኩ፤ ይቅርታ። ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱን በአውቶቡስ ውስጥ፣ አንዳንዱን በመድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ቆሜ።

ለክፍሉ ኃላፊ ከሦስት በላይ ተከታታይ አዳር እንደማልቀበል በጽሑፍ አስገባሁ፤ የኢንሱሊኑን ሪፖርትም አያያዝኩት። «ከአንቺ አልጠበቅሁም» አሉኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የኢንሱሊን ትእዛዝ ላይ «ዩኒት» የሚለው ቃል በሙሉ እንዲጻፍ የሚል ማስታወቂያ በመድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ። ማን እንዳዘዘው አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። «ዛሬ አልችልም፤ ነገ ተመድቤያለሁ» አልኩና ዘጋሁት። እንቅልፍ የወሰደኝ እንዳይመስላችሁ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ማን ገብታልኝ ይሆን እያልኩ ተገላበጥኩ። የገባችው ያቺው መርፌውን ወደ መብራት ያነሣችው ባልደረባዬ ናት፤ እሷም ትንሽ ልጅ አላት። ስለዚህ ችግሩ ከእኔ ትከሻ ወደ እሷ ትከሻ ዞረ እንጂ አልተፈታም። እንዲያም ሆኖ ልንነጋገር ችለናል፤ አሁን አራት ሆነን የሰው ኃይል እንዲጨመር በአንድ ወረቀት ልንጠይቅ ነው። አራታችንም አማኞች አይደለንም፤ ይህም ደስ ብሎኛል።

ጸሎቴ አልተመለሰም ማለት ይቻላል። እጄን ሳሽ ስማቸውን ብቻ እጠራለሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም። የምክር አገልግሎት ለማግኘት ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ። አዛውንቱ በዚያው ሳምንት ድነው ወጥተዋል፤ ሲወጡ እጄን ይዘው መረቁኝ፤ ስለዚያ ንጋት ግን ከሐኪማቸው ጋር ሆነን ነግረናቸው ነበርና «እናንተም እኮ ትተኛላችሁ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም።

ዛሬ ማታ ገቢ ነኝ። የምረከበው ከእሷ ነው፤ አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ ልድረስላት ብዬ አሁን ልወጣ ነው።